ዶ/ር አክሊሉ ለማና የአድዋው ወንዝ

ቶንጎ ያደግን ልጆች የወንዝን ጤንነት የምንለካው በዓይናችን ነበር። ውሃው ጥርት ብሎ ከታች ያለው ጠጠር ከታየ ንጹህ ነው፤ ከደፈረሰ ቆሻሻ ነው፤ አለቀ። በዚህ ሚዛን የጠራውን መርጠን ስንንቦጫረቅ እንውላለን። ዘንድሮ መምህራችን በሕይወት የሌለ ታዋቂ ሰው መርጣችሁ ታሪኩን ጻፉ ሲሉን፣ አብዛኛው የክፍላችን ልጅ ንጉሥና ዘፋኝ መረጠ። እኔ የወንዝ ነገር ስለማይለቀኝ ዶ/ር አክሊሉ ለማን ያዝኩ።

ዶ/ር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። አሜሪካ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። አገር ቤት ተመልሰው የያዙት ጉዳይ ብልሃርዝያ ነበር። የዚህ በሽታ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። የታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወንዝ ሲገባ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ፤ የሚፈለፈሉትም አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብተው ይራባሉ። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት እጮች ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። እጮቹ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃውን አያደፈርሱትም። ይኼን ሳነብ የልጅነት ሚዛናችን ትዝ ብሎኝ ትንሽ ቀፈፈኝ። የአንጀቱ ብልሃርዝያ በወይና ደጋው በብዙ ቦታ አለ፤ የሽንት ቧንቧው ግን በጥቂት ቆላማ ቦታዎች የሚገኝ ሲሆን ከነዚህ አንዱ የኛው ክልል ኩርሙክ ነው።

ወደ አድዋ ልመለስ። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ በአንድ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ እያጠኑ ሳለ አንድ ነገር ያያሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ይበዛል። ሌላ ሰው ቢሆን አልፎት ይሄዳል፤ የእንዶድ አረፋ ከኛ አገር ሰው መሀል ለማን ብርቅ ነው? እሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባልዲ ውስጥ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን ጨምሪበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ነገሩ የተጀመረው በባልዲ ነው፤ ላብራቶሪው በኋላ መጣ። ስሟን የሚያውቅ ጽሑፍ እስካሁን አላገኘሁም እንጂ፣ ያቺ ሴትዮም የግኝቱ ድርሻ ያላት ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ወንዞቹን በእንዶድ ሲያክሙ ቆይተው ሲለካ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወርዶ ተገኘ። ይኼ ሁሉ ታይቶም ግን ውጪው ዓለም ቶሎ አላመነም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የመርዛማነት ምርመራ ይደረግ ተባለ፤ ምርመራው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ዓመታት አለፉ። ምርመራው የተሠራው በ1980ዎቹ በካናዳ ድጋፍ ነው። ዶ/ር አክሊሉ የአፍሪካ ተመራማሪ ሥራ በጥርጣሬ መታየቱ ሲያንገበግባቸው ኖሯል፤ በየመድረኩም ይናገሩት ነበር።

እሳቸው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ሄደው ኒውዮርክ፣ በኋላም ዩኒሴፍ ጣልያን አገር ፍሎረንስ ባለው ማዕከሉ ሠርተዋል። ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በ1989 አገኙ። ዶ/ር ለገሰ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መሀል ብርቱውን የመረጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረውን የዜብራ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀና የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አወጣበት። ዶ/ር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ሆኖም እናቶቻችን ሲያጥቡበት የኖሩት ቅጠልና ፍሬ የማነው የሚለው ክርክር በዚያ አልበረደም። በ1997 አረፉ።

ስለ እሳቸው የተጻፈው ብዙው ውዳሴ ብቻ ነው። እኔ አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ቀንድ አውጣ የገደለ አረፋ ሌላውንስ? እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የሚሻለው ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን ሳይቆይ መበስበሱ ነው። ስለዚህ ለሰው ጤና የተጠረገ ወንዝ ለራሱ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የዛሬ ባለሙያዎች ይህን ለማወቅ ድንጋይ ይገለብጣሉ። ሥሩ ያሉት ነፍሳት ብዙ ዓይነት ከሆኑና ኦክስጅን ካነሰ የማይኖሩት ካሉባቸው ወንዙ ደህና ነው፤ ቀያይ ትላትል ብቻ ከቀሩ ታሟል።

ለእረፍት ቶንጎ ስሄድ ቦቲ ጫማ አድርጌ ሞከርኩት። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው ድንጋይ ሥር እግራቸው የሚርመሰመስ፣ ጭራ ያላቸው፣ ቅርፊት የለበሱ ነፍሳት አገኘሁ። ከማጠቢያው በታች፣ የዱቄት ሳሙናው አረፋ የሚሄድበት ጋ፣ ድንጋዩ ያሟልጫል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው። ቀንድ አውጣ ግን ሁለቱም ጋ ነበር፤ አረፋ ሁሉ እንዶድ አይደለማ። ሦስቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ መጥቼ ለአንድ የባዮሎጂ መምህር ሰጥቻለሁ። ዓይነታቸውን ሲነግሩኝ በሚቀጥለው ዕትም እጽፋለሁ።