አልፍሬድ ቢኔ (እ.ኤ.አ. 1857–1911)

ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ በኒስ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ ሕግ ተማረ፤ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቹን እየተከታተለ የልጆችን አስተሳሰብ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1905 ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አወጣ፤ ዓላማው በትምህርት ወደኋላ የቀሩ ልጆችን ለይቶ መርዳት ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ቁጥሮችን ሰምቶ መድገም ነው፤ ዛሬም የልጆች ትኩረትና ትውስታ ሲመረመር ይሠራበታል። ቢኔ ግን ውጤቱ ብቻውን የልጅን ዕጣ እንዳይወስን አሳስቧል።

ምክሩ ለእኛም ይሠራል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገጠር ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ቅብጥብጥ ወይም ዝንጉ ቢሆን ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቅጡት። የትኩረት ችግር በፈተና ብቻ አይታወቅም። ለምርመራ ስታመጡት በቤትም በትምህርት ቤትም የሚያሳየውን ጠባይና መቼ እንደጀመረው ንገሩን፤ መምህሩንም ጠይቁ። ዓይኑና ጆሮውም ይታያሉ።