የባሕር አሸዋ በሥዕሎቹ ውስጥ የቀረው ቪንሰንት ቫን ጎ

በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 1882 አንድ የ29 ዓመት ሰው በኔዘርላንድስ፣ ከዘ ሄግ ከተማ አጠገብ ባለው የሸቨኒንገን ባሕር ዳርቻ ሸራውን ዘርግቶ ቆሟል። ማዕበል ተነሥቷል። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ለመቆም እንኳ የማያስችል ሲሆን፣ የሚያስነሣው አሸዋ ባልደረቀው ቀለም ላይ ይለጠፋል። ሰዓሊው አሸዋውን ፍቆ እንደገና ይስላል። ሁሉንም ግን ማስወገድ አልቻለም፤ ቅንጣቶቹ ዛሬም በቀለሙ ውስጥ አሉ።

በሐምሌ ወር ከሀርጌሳ ወደ በርበራ የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ብርቱው ሞቃት ነፋስ አሸዋውን ሲያስነሣ፣ አቅም ያለው የበርበራ ነዋሪ ወደ ሀርጌሳና ወደ ሼክ ደጋ ይሸሻል። ቫን ጎ ግን ሥዕሉን ፍለጋ ወደ ነፋሱ ሄደ።

ቪንሰንት ቫን ጎ በ1853 በደቡብ ኔዘርላንድስ፣ ዙንደርት በተባለች መንደር ከፕሮቴስታንት ቄስ ተወለደ። በሥዕል ነጋዴዎች ቤት ተቀጠረ፤ በእንግሊዝ አስተማረ፤ በቤልጅየም በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መካከል ወንጌል ሰበከ። በአንዱም አልጸናም። ሰዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ27 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቀለሙንም የዕለት ጉርሱንም ወጪ በአብዛኛው የሸፈነለት ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ነው።

የሸቨኒንገኑ ባሕር ደፍርሷል፤ ሰማዩም ግራጫ ነው። ቫን ጎ በዘይት ቀለም በትጋት መሥራት የጀመረው ገና በዚያ ወር ነበርና የጀማሪ እጅ ይታይበታል።

ከስድስት ዓመት በኋላ የሣለው ባሕር ሌላ ነው። በ1886 ፓሪስ ሲገባ የኢምፕሬሽኒስቶችን ብሩህ ቀለም አይቷል፤ የጃፓን የእንጨት ሕትመቶችንም ወድዷል። በየካቲት 1888 ወደ ደቡብ ፈረንሳይዋ አርል ተሻገረ። በግንቦት መጨረሻ ሴንት ማሪ ወደተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ወርዶ ጥቂት ቀናት ቆየ። ሜዲትራኒያን ግራ አጋባው፤ የባሕሩ ቀለም እንደ ዓሣ ቆዳ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። አረንጓዴ ነው ሲሉት ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ነው ሲሉት ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ በሰማያዊውና በነጩ መካከል አረንጓዴና ቢጫ ጨመረ፤ ቀለሙንም በቢላ እየለጠፈ በሞገዱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ያዘው። በዚህም ሸራ ላይ የባሕር ዳር አሸዋ ተገኝቷል።

ከታች በደማቅ ቀይ ቪንሰንት የሚል ፊርማ አለ። አረንጓዴው ጎልቶ እንዲታይ ቀይ ያስፈልገው ነበርና ስሙን ለዚያ ተጠቀመበት። ምናልባት በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሕመሙ ጸናበት፤ በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ከረመ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1890 ራሱን በተኮሰበት ጥይት በ37 ዓመቱ ሞተ። (በሐረር ሲነግድ የኖረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦም በተከታዩ ዓመት በዚሁ ዕድሜ ነው ያረፈው።) ቴዎ ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ ተከተለው። ያልተሸጡትን ሥዕሎችና ደብዳቤዎቹን ጠብቃ ለዓለም ያደረሰችው የቴዎ ባለቤት ዮ ናት። ዛሬ ቫን ጎ የሚመደብበት ድኅረ ኢምፕሬሽኒዝም የሚለው ስም እንኳ የወጣው በ1910፣ ለንደን በተካሄደ ዐውደ ርእይ ነው።

የሸቨኒንገኑ ሥዕል ሌላም ጉዞ ጠብቆት ነበር። በታኅሣሥ 2002 ሌቦች በመሰላል ወደ አምስተርዳሙ የቫን ጎ ሙዚየም ጣሪያ ወጥተው ሰረቁት። ለ14 ዓመታት ደብዛው ጠፋ። በ2016 የጣሊያን ፖሊስ የካሞራ ማፊያን ሲመረምር በኔፕልስ አቅራቢያ አገኘው፤ በ2017 ወደ ሙዚየሙ ተመለሰ። ክፈፉ አልነበረም። በግራ በኩል ከታችኛው ጥግ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀለም ተገንጥሎ ጠፍቷል። አሸዋው ግን በቦታው ነበር።