ኤድዊን አርምስትሮንግ፤ መልእክትን ከጩኸት የለየ መሐንዲስ

በተሽከርካሪ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ የሚገጥም ባለሙያ ሁሉ አንድ የቆየ ባላንጣ አለው፤ ይኸውም ከሞተሩ ካንዴላ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጩኸቱ አብሮ ይነሣል፤ ፍጥነት ሲጨምር እሱም ይፈጥናል። ይህን ባላንጣ በአዲስ ዘዴ የተቋቋመው ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ነበር።

አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። በ1912 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ የሬዲዮ ቱቦ ካወጣው ኃይል ከፊሉን ወደ መግቢያው በመመለስ ደካማ ሞገድን አጉልቶ መቀበል እንደሚቻል አገኘ። በ1918 ደግሞ በፈረንሳይ በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ሲያገለግል ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ አሠራር ፈለሰፈ። በመጀመሪያው ግኝቱ ላይ ከሊ ደ ፎረስት ጋር ለብዙ ዓመታት ተሟግቶ፣ በ1934 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ለዚያ ሥራ የተሰጠውን የክብር ሜዳይ ሊመልስ ሲነሣ ግን የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር አልቀበልም አለ። ፍርድ ቤት የነሣውን ክብር የሙያ ባልደረቦቹ አጸኑለት።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚላከው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነበር። ብልጭታም የሚያውከው ያንኑ ጉልበት ስለሆነ መቀበያው ሁለቱን መለየት ይቸግረዋል። የተለመደው መፍትሔ የማሠራጫውን ኃይል መጨመር ነበር። አርምስትሮንግ ግን ጉልበቱን ሳይነካ ፍሪኩዌንሲውን በድምፁ ልክ ለዋወጠ። ጆን ካርሰን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1922 ይህ ዘዴ ፋይዳ እንደሌለው ጽፎ ነበር፤ አርምስትሮንግ የፍሪኩዌንሲውን ልውውጥ ከተለመደው በላይ አሰፋው፤ በመቀበያው ላይም የጉልበት መዋዠቅን የሚቆርጥ መገደቢያ አኖረ። በ1933 የፈጠራ ባለቤትነቱ ተረጋገጠለት፤ በ1935 በባልደረቦቹ ፊት በተግባር አሳየ።

ኤፍ ኤም የተባለው ይህ ዘዴ ወደ ተሽከርካሪ ለመግባት አልዘገየም። በ1940 ፕሮፌሰር ዳንኤል ኖብል በኮነቲከት ግዛት ለፖሊስ መኪናዎች በኤፍ ኤም የሚሠራ የሁለት ወገን መገናኛ ዘረጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ታንኮች በኤፍ ኤም ተነጋገሩ፤ አርምስትሮንግም ጦሩ በፈጠራው ያለ ክፍያ እንዲጠቀም ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ኤፍ ኤም ገጣሚውን ከጥንቃቄ ነጻ አላወጣውም። ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ ሲደክም ብልጭታው ተመልሶ ይሰማል። የአንቴናው መሠረት ቀለምና ዝገት በሌለው ብረት ላይ መያያዙ፣ የኃይል ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው መሳቡ፣ የካንዴላ ሽቦዎች መከላከያ ማግኘታቸው የግድ ነው። ኃይል ከመጨመር አስቀድሞ የጩኸቱን ምንጭ መለየት የአርምስትሮንግ መንገድ ነው።

የፈጠራው ባለቤት ግን ዕረፍት አላገኘም። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት የኤፍ ኤም ሥርጭትን ወደ ሌላ የሞገድ ክልል ሲያዛውር ነባሮቹ መቀበያዎች ከንቱ ሆኑ። በ1948 የመብት ክፍያ ባልከፈለው አርሲኤ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረተ፤ ሙግቱም ሀብቱንና ጤናውን ጨረሰው። በ1954 መጀመሪያ፣ በ63 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ባለቤቱ ማሪየን ሙግቱን ቀጠለች፤ አርሲኤ በዚያው ዓመት በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተስማማ። የመጨረሻው ተከሳሽ በመኪና ሬዲዮ ስሙ የገነነው ሞቶሮላ ነበር፤ እሱም በ1967 ተረታ። የአርምስትሮንግ መብት በፍርድ ተሟልቶ የጸናው ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ሆነ።