ይድነቃቸው ተሰማ

በምትኖሩበት ከተማ፣ ኪራሙም ይሁን ነቀምቴ ወይም ጊምቢ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ መኖሩ አይቀርም። ድንጋዩን የሚለቅሙት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ኳሱ የሚገዛው በመዋጮ ነው፤ ፊሽካ የሚነፋውም ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚደክም አንድ መምህር ወይም አንድ የቀድሞ ተጫዋች ነው። ጨዋታው እግር ኳስም ሆነ ቅርጫት ኳስ ነገሩ አንድ ነው። ቡድን በተቋቋመበት ሁሉ ግን ማን ይሰለፍ፣ ማንስ ይቅር የሚል ጥያቄ መነሣቱ የታወቀ ነው። ይህ ጥያቄ የአንድ ኢትዮጵያዊ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኖ ነበርና የእኚህን ሰው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ልብ ብላችሁ አንብቡ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ከዜማ ይልቅ ወደ ሜዳ አዘነበሉ። አዲስ አበባ በሚገኘው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ የኳስ ፍቅር አደረባቸው።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ በቡድን ተደራጅተው ኳስ ይጫወቱ የነበሩት በአብዛኛው በከተማይቱ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች፣ ይኸውም አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣልያኖች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ሠፈር ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚል ስም ሰጡት። ለዚህ ቡድን መመሥረት ዋና ምክንያት የሆኑት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። እንደ ዛሬው ክለብ ጽሕፈት ቤትና አውቶቡስ የነበረው እንዳይመስላችሁ፤ የሠፈር ልጆች ማኅበር ነበር። ይድነቃቸው ወደ ቡድኑ ሲገቡ ዕድሜያቸው ከእናንተ የብዙዎቻችሁን አይበልጥም ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ነጭና ጥቁርን በመኖሪያና በመዝናኛ ስፍራ ሲለያይ የኳስ ሜዳውንም አልተወውም። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጋጠሙ ተደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በገዛ አገሩ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሜዳ ተለይቶ መቆም ምን እንደሚመስል ለ5 ዓመታት አየ። አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ቡድኑ የጥንት ስሙን መልሶ ያዘ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በአንድ በኩል ደንብ እያረቀቁና ውድድር እያዘጋጁ፣ በሌላ በኩል እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለ23 ዓመታት ያህል ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፤ ያስቆጠሯቸው ጎሎችም ከ300 እንደሚበልጡ ይነገራል። ኋላም ወጣቶችን የሚያሠለጥኑት እርሳቸው ነበሩ።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያን ከወከሉት መካከል አቶ ይድነቃቸው ይገኙ ነበር። ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተዘጋጀ፤ ዕጣውም ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። የደቡብ አፍሪካ መሪዎች ግን ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበትን ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ። በዚህም የተነሣ ኢትዮጵያ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ገና የተወለደው ማኅበር ከአራት አባላቱ አንዱን ለእኩልነት ሲል መተዉ ከዋንጫው ይልቅ የሚታወስ ነገር ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት በአስመራ የተወለደ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎም ከእርሱ ጋር ይጫወት ነበር። አንዳንድ ባለሥልጣኖች ይህን ስምና ትውልድ ስላልወደዱት አለቅነቱ ለሌላ እንዲሰጥ ጠይቀው እንደ ነበርና አሠልጣኙ እንቢ እንዳሉ ይነገራል። ልብ በሉ፤ ትናንት በጣልያኖች ከሜዳ የተገለሉት ሰው ዛሬ የጣልያናዊ ልጅ እንዳይገለል ቆሙ ማለት ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የፍጻሜው ጨዋታ ከዚያው ከግብፅ ቡድን ጋር ሆነ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌና ሉቻኖ በየተራ አቻ አደረጉ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አበቃ። በተጨማሪው ሰዓት በመጀመሪያ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነበር። መንግሥቱ ወርቁም እንደ መምህሩ ኋላ አሠልጣኝ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ይድነቃቸው ሜዳ መላው አፍሪካ ሆነ። ለዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ እንኳ የተለየ ቦታ ስላልተሰጠ የአፍሪካ አገሮች ከ1958ቱ ውድድር በአንድነት ሲቀሩ፣ ሐሳቡን ካራመዱት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በሚቀጥለው ውድድር፣ በ1962 ዓ.ም.፣ አንድ ቦታ ለአፍሪካ ተፈቀደ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር የዘር መድልዎ ታራምድ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ ከአባልነት አስወጣ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር ተጀመረ፤ ዋንጫውም በተሰማ ስም ተጠራ። የአራዳ የሠፈር ልጅ ስም የአህጉሩ ወጣቶች የሚሻሙት ዋንጫ መጠሪያ ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው ከእርሳቸው ሞት በኋላ፣ የመድልዎው ሥርዓት መፍረስ ሲጀምር ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በዚያች አገር ሲደረግ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች በአንድ መለያ ተሰልፈው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፉና ዋንጫውን ወሰዱ።