ወረታን ባሕር ዳር አጠገብ የሚጥለው ነጥብ፤ ቁጥር ሲለቅምና ሲቀይር የኖረው አንትዋን ዳባዲ

በቅርቡ ወረታ ሆኜ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከአንድ የቆየ የካርታ ሠንጠረዥ ላይ የከተማዋን አቀማመጥ አየሁ፦ 11 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ምሥራቅ ይላል። ስልኬን አውጥቼ ማፑ ላይ 11.55 እና 37.42 ብዬ ጻፍኩ። ምልክቷ ጉማራን ተሻግራ፣ ሐይቁን ዞራ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። እኔ ወረታ፣ ሎኬሽኔ ባሕር ዳር!

ስልኩ አልተሳሳተም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ዲግሪ እንደ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። 55 ደቂቃ ማለት ነጥብ 55 ማለት አይደለም። ለ60 ሲካፈል 0.92 ይሆናል። 42 ደቂቃም 0.70 ነው። ስለዚህ ወረታ በስልክ ቋንቋ 11.92 እና 37.70 ናት። ያቺ ሳትቀየር የገባች ቁጥር በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል አሳሳተችኝ። ኮድ የምትጽፉ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ሺህ እንዲህ ያለ ቁጥር ከኤክሴል አውጥታችሁ ፓይተን ውስጥ ብትከቱት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ይቀበላል። 11.55ም ቁጥር፣ 11.92ም ቁጥር። ለእሱ ልዩነት የለውም።

ይህን ሥራ ያለ ኮምፒውተር፣ እዚሁ አገራችን ተራሮች ላይ ቆሞ ለዓመታት የሠራ አንድ ሰው ነበር። አንትዋን ዳባዲ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ በ1810 ደብሊን፣ አየርላንድ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ አገር፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናቸው። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ሃብታም ስለነበሩ እንጀራ ፍለጋ አላስጨነቀውም፣ ያስጨነቀው መለካት ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የመሬትን መግነጢስ ሊለካ ብራዚል ድረስ ሄዶ ነበር። በ1838 ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ላይ ወረደ። አብሯቸው ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ነበር። ይህ ነገር በኋላ ብዙ አስወርቷል። ዳባዲ የካቶሊክ ሚሲዮን ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ የሚደግፍ ሰው እንደነበር መደበቅ አይቻልም።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ትግራይና ሰሜን በደጃዝማች ውቤ እጅ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ የራስ አሊ መቀመጫ። ንጉሡ ጎንደር ላይ ስም ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ በየኮረብታው ወጥቶ በመነጽር ማነጣጠር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱት። ዳባዲ ግን የተሻለ መሣሪያ ሊያመጣ አውሮፓ ተመልሶ እንደገና መጣ። ዓይኑ ክፉኛ ታመመ፣ ለአንድ የሚያነጣጥር ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ? እንደዚያም ሆኖ እስከ 1848 ድረስ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ከዚያም አልፎ እናርያንና ከፋን አዳረሰ።

እስቲ አሠራሩን እኛው ሜዳ ላይ እናምጣው። ወረታ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ በምሥራቅ ያለውን ጉናን አነጣጥራችሁ ማዕዘኑን ጻፉ። ከዚያ ሌላ ኮረብታ ሂዱና ያንኑ ጉናን እንደገና አነጣጥሩ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ጉና ነው። ጉና ላይ ሳትወጡ የት እንዳለ አወቃችሁ ማለት ነው። ዳባዲ ይህን ከብዙ ተራሮች ላይ ሆኖ አደረገ፣ የሰበሰባቸው ማዕዘኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። ከፍታውን ለማወቅ ደግሞ ውኃ ያፈላ ነበር። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው፣ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የፎገራ ሜዳ በ94 ገደማ ይፈላል። እናም ደብተሩ ውስጥ የገባው ተራራ ሳይሆን የፈላ ውኃ ሙቀት ነው። ወደ ሜትር መቀየሩ የሌላ ቀን ሥራ ነበር።

ያ ሌላ ቀን ደግሞ ረዘመ። መሰብሰቡ ወደ ዐሥር ዓመት ወሰደ፣ ስሌቱን ጨርሶ ማሳተሙ ግን ከዚያም በለጠ። የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው መጽሐፉ መውጣት የጀመረው በ1860፣ ያለቀው በ1873 ነው። ሮዶልፍ ራዶ የሚባል የሥነ ፈለክ አዋቂ ስሌቱንና ጽሑፉን አገዘው። ሁሉም በእጅ፣ በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነው። ማዕዘኑ ወደ ርቀት፣ ርቀቱ ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ያ ደግሞ ወደ ካርታ። አንዱ መስመር ላይ አንድ አሐዝ ቢሳት ቀጣዩ ተራራም ከቦታው ይነቃነቃል፣ ምክንያቱም የሚለካው በፊተኛው ነው።

በዚያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የያኔ ፈረንሳዮች ኬንትሮስን የሚቆጥሩት ከፓሪስ እንጂ ከግሪንዊች አልነበረም። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ወረታ ከግሪንዊች 37 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ስትሆን ከፓሪስ 35 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ትሆናለች። ይህን ያላስተዋለ ሰው ከተማዋን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ይወስዳታል፣ ሱዳን ድንበር ላይ ማለት ነው።

ቁጥሩን ሲቀይር እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ታዲያ በትልቁ ነገር ተሳሳተ። ዳባዲ የነጭ ዓባይን ምንጭ ይፈልግ ነበር። ግቤንና ኦሞን የነጭ ዓባይ መነሻ ናቸው ብሎ አመነ፣ በ1846ም ከወንድሙ ጋር ግቤ ምንጭ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ሰቀሉ። ኦሞ ግን ወደ ነጭ ዓባይ አይሄድም፣ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ ይህን ይዞ አልለቀው አለ። ጭራሽ ከፋ መሄዱንም ተጠራጠረ። የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር ለወንድማማቾቹ ሜዳልያ ሲሸልም፣ ቢክ ከዚያው ማኅበር ያገኘውን የራሱን ሜዳልያ በቁጣ መለሰ። በኔ እይታ ሁለቱም ግማሽ ልክ ነበሩ። ከኋላ የመጡ ተጓዦች ዳባዲ አየሁ፣ ለካሁ ያለው የሚታመን መሆኑን አረጋገጡ። ወንዙ ወዴት ይሄዳል የሚለው ግን ያልተለካ ግምት ነበር፣ ያው ግምቱ ወደቀ።

ቁጥር ብቻ አይደለም ይዞ የሄደው። የብራና መጻሕፍትም ሰብስቧል። በ1859 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ 234 ብራናዎች አሉ። ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። እዚህ ላይ መቆጨት መብታችን ይመስለኛል። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በስተርጅናው ፈረንሳይ ውስጥ አንዳይ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ግንብ ሠራ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሥዕሎችና የአማርኛ ጽሑፎች አሉ። ግንቡ ውስጥ የከዋክብት መመልከቻም አለ። ዳባዲ ከድሮም ያቺን የ60 ደቂቃ ጣጣ ይጠላት ነበር። ክቡ በ360 ሳይሆን በ400 ይከፈል፣ ሁሉም በዐሥር በዐሥር ይሂድ የሚል ሰው ነው። የመመልከቻው መሣሪያም የተሠራው በዚሁ ነው። ያኔ ምንም ደቂቃ የለም፣ መቀየርም የለም፣ ነጥቡ ነጥብ ነው። እኔ ወረታ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እዚያ መሥራት አይቻልም።

ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲሠራ የሚል ግዴታ አስገባበት። በመጋቢት 1897 ፓሪስ ላይ ሞተ፣ የተቀበረውም እዚያው ግንቡ ውስጥ ባለው ጸሎት ቤት ነው። ሥራው ከሞተ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። በእሱ መሣሪያ አቆጣጠር የወረታ ኬክሮስ 13.24 ይሆናል።