የፈረሰኞችን ታሪክ የጻፈች መበለት፦ ክርስቲን ደ ፒዛን



ከመካከላችን ስለ ጥንቱ አውሮፓ የሚተርኩ የፍቅር ልብ ወለዶችን የሚወዱ ብዙ ናቸው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አባት ልጁን ለማታውቀው ሰው ይድራታል። ሙሽራው ጥሩር የለበሰ፣ ጦር የያዘ፣ ናይት የሚሉት ባለ ማዕረግ ፈረሰኛ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ትፈራዋለች፣ ኋላ ትወደዋለች፣ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። እኔም አነባቸዋለሁ፣ አላፍርበትም። ነገር ግን ከሠርጉ አሥር ዓመት በኋላ ያ ፈረሰኛ ድንገት ቢሞት የቤቱ ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ደመወዙ ከማን እንደሚጠየቅ፣ የመሬቱ ውል በየትኛው ሣጥን እንደተቀመጠ የሚነግረን ልብ ወለድ አላጋጠመኝም። ይህን ጉዳይ ያነሣችው በዚያው ዘመን የኖረችና ስለ ፈረሰኞች ፍቅር ራሷ የጻፈች ሴት ናት። ስሟ ክርስቲን ደ ፒዛን ይባላል።

ክርስቲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1364 በቬኒስ ከተማ ተወለደች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አባቷ ቶማሶ ሐኪምና ኮከብ ቆጣሪ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 5ኛ ዝናውን ሰምቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ስላስጠራው ቤተሰቡ በ1368 ተከትሎት ፓሪስ ገባ። ክርስቲን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሴት ልጅ ብትማር ምንም አይጎድልባትም የሚል ሰው ነበር። እናቷ ደግሞ ለሴት ልጅ የሚበጃት እንዝርትና ፈትል ነው ትል ነበር። በመካከል ላይ ክርስቲን ከአባቷ የእውቀት ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ እየለቀመች አደገች፤ ፍርፋሪ ብላ የጻፈችው ራሷ ናት።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ጠያቂዎች መጡ። ከእነሱ መካከል ፈረሰኞችና ሌሎች መኳንንት እንደነበሩ ትነግረናለች። አባቷ ግን ጦረኞቹን ትቶ ኤቲየን ዱ ካስቴል የተባለ፣ በአሥር ዓመት ገደማ የሚበልጣትን የተማረ ወጣት መረጠላት። ኤቲየን ከፒካርዲ አገር የመጣ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ጸሐፊ ሆነ። ምርጫው የአባት ነበር፣ ትዳሩ ግን የፍቅር ሆነ። በአንድ ግጥሟ አንዲት ሙሽራ ባሏ በመጀመሪያዋ ሌሊት ምንም ሳያስገድዳት በትዕግሥትና በገርነት እንደያዛት ትናገራለች። ያቺ ሙሽራ ክርስቲን ራሷ ናት ተብሎ ይታመናል። ዛሬም ብዙ ሴቶች የማይደፍሩትን ጉዳይ በዚያ ዘመን በግጥም አንሥታዋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ንጉሥ ቻርልስ በ1380 ሲሞት የአባቷ ሞገስም አብሮት ቀነሰ፤ ደመወዙ ተቆራረጠ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ታሞ ሞተ። ኤቲየን ደግሞ ከአዲሱ ንጉሥ ጋር ለሥራ ወደ ቦቬ ከተማ ሄዶ ሳለ ወረርሽኝ ያዘውና እዚያው ቀረ። እሷ አጠገቡ አልነበረችም። ክርስቲን በ25 ዓመቷ መበለት ሆነች። በእጇ ላይ ሦስት ልጆች፣ አሮጊት እናቷና አንዲት የዘመድ ልጅ ነበሩ። ሁለቱ ወንድሞቿ የአባታቸውን ርስት ፍለጋ ወደ ጣሊያን ተመለሱ፤ እናታቸው እሷው ላይ ቀረች።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ክርስቲንን ያደኸያት የባሏ ሞት ብቻ አይደለም። ኤቲየን ደግ ሰው ነበር፣ ነገር ግን የገንዘቡን ነገር አልነገራትም። ምን ያህል ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳለው፣ ማን ከእሱ እንደተበደረና እሱ ከማን እንደተበደረ አታውቅም ነበር። በኋላ ስትጽፍ ባሎች የቤታቸውን ጉዳይ ለሚስቶቻቸው አለመንገራቸው የተለመደ ነገር መሆኑንና ከዚህ ብዙ ጥፋት እንደሚመጣ በምሬት ገልጻለች። አበዳሪ ነን የሚሉ ሰዎች ተነሡ። የባሏን ገንዘብ የያዙት ደግሞ የለብንም አሉ። የልጆቿን ገንዘብ ታማኝ ነው ለተባለ ነጋዴ ለንግድ አደራ ሰጥታ ነበር፤ እሱም ተዘረፍሁ ብሎ ጠፋ። በአንድ ወቅት በፓሪስ አራት ፍርድ ቤቶች በአንድ ጊዜ ትከራከር ነበር። በብርድ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ትውላለች፣ የጠገቡና የሰከሩ ሰዎች እያፈጠጡ ያላግጡባታል፣ የሚሰጣት መልስ ደግሞ ዛሬ አይደለም ነገ ነው። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። ይህን ሳነብ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ መሆኑን እረሳለሁ። ውርስ ለማስከበር የወረዳ ደጅ የጠናች ሴት ሁሉ ያንን አዳራሽ ታውቀዋለች።

ድህነቷን ግን ለሰው አላሳየችም። ከቤት ስትወጣ የምትደርበው በፀጉር የተገበረ ያረጀ ካባ ነበራት፣ እሱንም በጥንቃቄ ይዛ ለዓመታት ለበሰችው። ከካባው ሥር ትንቀጠቀጥ እንደነበር፣ በሚያምረው አልጋዋ ላይም እንቅልፍ አጥታ ታድር እንደነበር በኋላ ጽፋለች። የቤት ዕቃዋን ለዕዳ ሊወስዱባት ሲመጡ ይበልጥ የፈራችው ከዕቃው ማለቅ ይልቅ የጎረቤት ማወቅን ነበር።

ግጥም መጻፍ የጀመረችው በዚህ መካከል ነው። መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ባሏ ሐዘን ነበር። ግጥሞቹ በቤተ መንግሥት ሰዎች ዘንድ ተወደዱ። ቀጥሎ ደግሞ መኳንንቱ የሚወዱትን የፈረሰኞችንና የወይዛዝርትን ፍቅር መግጠም ያዘች። ይህን የምትገጥመው ልቧ ፈቅዶ ሳይሆን ሰዎች ስለሚፈልጉት መሆኑን አልደበቀችም። እንጀራዋ ነበር። በዚያ ዘመን የማተሚያ መኪና የለም፤ መጽሐፍ በእጅ ብራና ላይ ይገለበጣል፣ በሥዕል ያጌጣል፣ ብዙውን ጊዜም በአዲስ ዓመት ዕለት ለአንድ መስፍን ይበረከታል፣ መስፍኑም በአጸፋው ገንዘብ ወይም የብር ዕቃ ይሰጣል። ክርስቲን ሥራውን ራሷ እየተቆጣጠረች ታስገለብጥ ነበር፤ በገዛ እጇ የገለበጠቻቸው እንዳሉም የታወቀ ነው። ሐረግና ሥዕል የምትሠራላት አናስታሲያ የምትባል ሴት ሠዓሊ ነበረች፤ በመላው ፓሪስ የሚስተካከላት እንደሌለ በመጽሐፏ መስክራላታለች። ከ1399 እስከ 1405 ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ ትንንሾቹን ሳይቆጥር፣ 15 ዐበይት መጻሕፍት ጻፈች።

በ1400 ልጇ ዣን እንግሊዝ አገር ነበር። የሳልዝበሪ መስፍን ግጥም ወዳድ ስለነበር ልጁን ከልጆቹ ጋር ሊያሳድግ ወስዶት ነበር። መስፍኑ በንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ላይ ተነሥቶ አንገቱ ሲቆረጥ ልጁ በንጉሡ እጅ ወደቀ። ሄንሪ የክርስቲንን መጻሕፍት አይቶ ኖሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንድትመጣ ጋበዛት። ጌታዋን ከገደለ ሰው ጋር የመኖር ሐሳብ አልነበራትም። ግን እምቢ አላለችም። እንደምትመጣ አስመስላ መጻሕፍት እየላከች ልጄ መጥቶ ይውሰደኝ አለች፤ ልጁ ባሕሩን ተሻግሮ እጇ ሲገባ ጉዞው ቀረ። ይህን ክፍል ሳነብ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

አሁን ወደ ፈረሰኞቹ እንመለስ። ከጻፈቻቸው የፍቅር ታሪኮች አንዱ የእውነተኛ አፍቃሪዎች መስፍን መጽሐፍ ይባላል። አንድ ወጣት መስፍን ባል ያላትን ዘመዱን ይወዳል። አደን፣ የፈረሰኞች ግጥሚያ፣ ድግስ፣ የተደበቀ ደብዳቤ፣ ቀናተኛ ባል፣ ልብ ወለድ የሚፈልገው ሁሉ አለበት። አንባቢ በሩጫ ላይ ሳለ ግን ልጅቱን ያሳደገች አንዲት አሮጊት እመቤት ረጅም ደብዳቤ ትልክላታለች። ደብዳቤው ፍቅሩ ከታወቀ ፈረሰኛው ጀግና እንደሚባል፣ ሴትዮዋ ግን ስሟን፣ ቤቷንና ልጆቿን እንደምታጣ ያስረዳል። ሁለቱ ተዋዳጆች በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ታሪኩም በደስታ አያልቅም፤ ወሬ ይነዛል፣ መለያየት ይመጣል። ክርስቲን ያንን ደብዳቤ ወድዳው ኖሮ በኋላ በሴቶች ምክር መጽሐፏ ውስጥ ደግማ አስገብታዋለች።

ፊት ለፊትም ተከራክራለች። በዘመኑ ከሁሉ የሚነበበው የጽጌረዳው ታሪክ የሚባል ረጅም ግጥም ነበር። ዣን ደ መን የተባለው ሰው የጻፈው ክፍል ሴት ሁሉ አታላይ ናት ይላል። በ1401 የንጉሡ ጸሐፊዎች ግጥሙን ሲያወድሱ ክርስቲን በደብዳቤ ተቃወመቻቸው። ንቀው መለሱላት፣ እሷም መለሰች። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ዣን ዠርሶን ከእሷ ጋር ቆመ። ደብዳቤዎቹን ሰብስባ በ1402 ለንግሥት ኢዛቦ አቀረበችላት። ጉዳዩ ከጸሐፊዎች ጓዳ ወጥቶ አደባባይ የዋለው በዚህ ነው።

ከክርክሩ የተወለደው በ1405 ያለቀው የሴቶች ከተማ መጽሐፍ ነው። ሦስት ወይዛዝርት መጥተው ከተማ እንድትገነባ ያዟታል፤ ድንጋዮቹ የታላላቅ ሴቶች ታሪኮች ናቸው። ለእኛ ደስ የሚለው፣ መጀመሪያ ከተነሡት ነገሥታት መካከል ኢትዮጵያን በጥበብ የገዛች ኒካውላ የምትባል ንግሥት መኖሯ ነው፤ ንግሥተ ሳባም በሌላ ክፍል ቦታ አላት።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው በዚያው ዓመት የጻፈችውን፣ የሦስቱ ምግባራት መጽሐፍ የተባለውን ነው። ለማን እንደጻፈችው ተመልከቱ። የቡርጎኝ መስፍን ልጅ ማርገሪት በ1404 ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ተዳረች፤ ሙሽራዋ የ10 ዓመት፣ ሙሽራው የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። ክርስቲን ለዚያች ሕፃን ስለ ፍቅር አልጻፈችላትም። ገቢዋን ከአምስት እንድትከፍል አስተማረቻት፦ ለምጽዋት፣ ለቤት ወጪ፣ ለአገልጋዮች ደመወዝ፣ ለስጦታ፣ የቀረውም ለግምጃ ቤት። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ባሏ ወደ ጦርነት የሄደባት የፈረሰኛ ሚስት የርስቱን ሕግ፣ የሚዘራበትንና የሚታጨድበትን ጊዜ፣ የገቢውን ቁጥር ማወቅ አለባት። የእጅ ባለሙያ ሚስት ሙያውን ራሷ ተምራ ሠራተኞቹን መምራት፣ ባሏም የማይከፈል ዱቤ እንዳይሰጥ መምከር አለባት። መበለት ከተቻለ በሽምግልና ትጨርስ፤ ካልተቻለ ግን አዋቂ ትጠይቅ፣ ገንዘብ ታዘጋጅ፣ ጉዳይዋንም ችላ ሳትል ትከታተል። ይህን የጻፈችው የአራት ፍርድ ቤት ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም። ክፉ ባል የገጠማት ሴት እንድትታገሥ ትመክራለች። በዘመኗ መሄጃ እንዳልነበረ ይገባኛል፣ ቢሆንም ያንን ገጽ ሳነብ ይከፋኛል።

በ1410 ደግሞ ማንም ከሴት ያልጠበቀውን ጻፈች፦ ስለ ጦርነትና ስለ ፈረሰኞች ሕግ። ወታደር ደመወዙ በጊዜው ካልተከፈለው አገር እንደሚዘርፍ፣ በጠብ ውስጥ የሌሉ ገበሬዎች መማረክ እንደማይገባቸው፣ ለሚከበብ ምሽግ ምን ስንቅ እንደሚያስፈልግ ዘርዝራለች። መጽሐፉ በ1488 ፓሪስ ውስጥ ሲታተም ስሟን አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር በካክስተን ሲታተም ግን ስሟ አብሮ ወጣ።

ፈረሰኞቹ በ1415 በአዠንኩር ሜዳ በእንግሊዞች እጅ አለቁ። ክርስቲን ባልና ልጅ ለሞተባቸው ሴቶች የማጽናኛ ጽሑፍ ጻፈች። በ1418 የቡርጎኝ ወገኖች ፓሪስን ሲይዙ ሸሽታ ገዳም ገባች። ሴት ልጇ በፑዋሲ ገዳም መነኩሲት ነበረች፤ እሷም የተጠለለችው እዚያው ሳይሆን አይቀርም። ወደ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ከገዳም አልወጣችም። በ1429 አንዲት ገበሬ ልጃገረድ ጥሩር ለብሳ፣ በፈረስ ተቀምጣ፣ የፈረንሳይን ጦር እየመራች ንጉሡን ለዘውድ አበቃችው። ክርስቲን 65 ዓመቷ ነበር። በሐምሌ 31 ስለ ዣን ዳርክ ረጅም ግጥም ጽፋ ጨረሰች፤ ልጅቱ በሕይወት ሳለች የተጻፈላት የመጀመሪያው የምስጋና ግጥም ይህ ነው። ዣን ዳርክ በ1431 ተቃጠለች። ክርስቲን ያንን ወሬ ሳትሰማ በ1430 ገደማ እንዳረፈች ይገመታል።