ዊልያም ዊዘሪንግና የባልቴቷ ቅጠል

ቅጠል መድኀኒት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ መርዝ ነው። ይህን በትዕግሥት መርምረው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ ሆነ፣ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዊዘሪንግ በ1741 ዓ.ም. ሽሮፕሺር በሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ አገር፣ በዌሊንግተን ከተማ ተወለደ። በኤዲንበርግ ሕክምና ተምሮ በ1766 ዓ.ም. ተመረቀ። ተማሪ ሳለ የዕፀዋትን ትምህርት አይወድም ነበር። ስታፎርድ በሚባል ከተማ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ግን አበባ መሣል ለምትወድ ሔለና ኩክስ ለምትባል ልጃገረድ አበባ እየለቀመ ያመጣላት ጀመር። በኋላም አገባት፤ የጠላውም ትምህርት ወዳጁ ሆነ። በ1776 ዓ.ም. ስለ ብሪታንያ ዕፀዋት ትልቅ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደረሰ።

በዚያ ዘመን እግርና ሆድ ውሃ እየቋጠረ የሚያብጥበት በሽታ ብዙ ሰው ይገድል ነበር። በሽሮፕሺር የምትኖር አንዲት ባልቴት ግን ሐኪሞች ያቃታቸውን ሕመምተኞች አንዳንድ ጊዜ ታድን ነበር። በ1775 ዓ.ም. ዊዘሪንግ በምሥጢር ስለ ኖረው መድኀኒቷ ምን እንደሚያስብ ተጠየቀ። መድኀኒቱ ሃያ ያህል ቅጠላ ቅጠል የተደባለቀበት ነበር። አንዱ ሐኪም የባልቴት ነገር ብሎ ይንቀው፣ ሌላው እንዳለ ተቀብሎ ያጠጣው ይሆናል። ዊዘሪንግ ከሁለቱም አልሆነም። ዕፀዋትን ያውቅ ስለ ነበር፣ ኀይሉ ያለው ዲጂታሊስ በሚባለው ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል ውስጥ መሆኑን ለየ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ችግር መጠኑ ነበር። ይህ ቅጠል ጥቂት ሲበዛ ያስመልሳል፣ የልብን ትርታ ያውካል፣ ይገድላልም። ኀይሉም እንደ ወራቱ ይለያያል። ስለዚህ ዊዘሪንግ ቅጠሉ አበባው ሊፈነዳ ሲል እንዲለቀም አድርጎ፣ ደርቆ የተፈጨውን በሚዛን እየመጠነ ይሰጥ ጀመር። ዐሥር ዓመት ከመረመረ በኋላ በ1785 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከ150 በላይ የሆኑ ሕመምተኞችን ታሪክ ጻፈ። የጻፈውም የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም ነው። ትልቅነቱን ያየነው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ዊዘሪንግ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ኖሮ በ1799 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ሞተ። የብዙዎችን እብጠት ያጐደለ ሐኪም ለራሱ በሽታ መድኀኒት አላገኘም፤ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንኳ የታወቀው በ1882 ዓ.ም. ነው። ሥራው ግን አልሞተም። በ1875 ዓ.ም. ኦስዋልድ ሽሚደበርግ የተባለ ሊቅ ዲጂቶክሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከዲጂታሊስ ለይቶ አወጣ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ከተክሉ የቅርብ ዘመድ ዲጎክሲን ተገኘ፤ ይህም እስከ ዛሬ ለልብ ሕመም ይሰጣል።

ዛሬም ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ከቅጠል ለማውጣት የሚደክሙ ሊቃውንት የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። የባህል ሐኪሞችን ይጠይቃሉ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ከዚያም ባክቴሪያውን የሚገታው፣ ሰውንም የማይጐዳው መጠን ስንት እንደ ሆነ ይለካሉ።

በየቤታችን ዳማከሴና ጤና አዳም አይጠፋም። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች አያቶቻችን የሚነግሩንን ሳንንቅ፣ ነገር ግን ሳንመዝንና ሳንመረምር ሳንቀበል፣ ያገኘነውንም ያጣነውንም በእውነት ብንጽፍ፣ ከዊዘሪንግ ሕይወት በሚገባ ተምረናል ማለት ነው።